ፕላዚል አደንዛዥ መድኃኒት ነው?

ወባ የያዘው ሰው ትኩሳቱና ብርድ ብርድ ማለቱ ሳይበቃው ብዙ ጊዜ ያቅለሸልሸዋል፣ ያስመልሰዋል። ቆላ ድባና አካባቢዋ ላደጋችሁ ይሄ አዲስ ወሬ አይደለም። ከጣና በስተሰሜን ያለው የደምቢያ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1953 በአገራችን የወባ ታሪክ ከሚጠቀሱት አስከፊ ወረርሽኞች አንዱን አይቷል፤ በዓመቱ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት አንዱ ምክንያት እሱ ነበር።

አሁን ችግሩን ተመልከቱት። በሽተኛው የወባውን ኪኒን ውጦ ወዲያው ካስመለሰው መድኃኒቱ ደም ውስጥ አልገባም ማለት ነው። ስለዚህ አንዳንዴ ማስታወክ የሚያስቆም መድኃኒት ይታዘዛል። እኛ ጋ በብዛት የሚታወቀው ሜቶክሎፕራሚድ ነው፤ ሰው ግን በንግድ ስሙ «ፕላዚል» ነው የሚለው። ይሄኔ ነው አንዳንዱ የሚያመነታው፦ «እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል አሉ፤ አደንዛዥ አይደለም እንዴ? ብለምደውስ?»

አይደለም። ሱስም አያስይዝም። ግራ የሚያጋባው በከፊል ቃሉ ራሱ ነው።

በአማርኛ «ደነዘዘ» ስንል ሰውነቱ ስሜት አጣ፣ ፈዘዘ ማለታችን ነው። ስለዚህ የሚያስተኛ ሁሉ፣ የሚያፈዝ ሁሉ «አደንዛዥ» ይመስለናል። ናርኮቲክ የሚለው ቃልም ከግሪክ ሲመጣ ትርጉሙ መደንዘዝ ነበር። ሕጉ ግን የሚሠራው በስሜት ሳይሆን በዝርዝር ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት፣ ቁጥጥር የሚደረግባቸውን ናርኮቲኮች በስም ይዘረዝራል፦ ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ኮዴይን እያለ ይቀጥላል። የሚገርመው ኮኬይንም እዚያው አለ፤ ኮኬይን ደግሞ ሰውን ያነቃል እንጂ አያስተኛም! በተቃራኒው ጥርስ ሲነቀል የሚወጉት ማደንዘዣ፣ ሊዶኬይን፣ ድድ እስኪጠፋባችሁ ድረስ ቢያደነዝዝም ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሜቶክሎፕራሚድም የለም።

ሥራቸውም ለየቅል ነው። አንጎላችን ሥር፣ ደም ውስጥ መርዝ መኖር አለመኖሩን የምትጠብቅ ትንሽ ቦታ አለች። እኔ መሐንዲስ ስለሆንኩ እንደ ጭስ ጠቋሚ ደወል ነው የማያት፦ አንዳች ነገር ከሸተታት «አስወጣው!» ትላለች። ደወሉን ከሚያስጮሁት ኬሚካሎች አንዱ ዶፓሚን ነው። ፕላዚል የዶፓሚንን መቀበያ ይዘጋል፣ ደወሉ ዝም ይላል። በዚያ ላይ ጨጓራ የያዘውን ቶሎ ወደ አንጀት እንዲያወርድ ይገፋፋዋል። ሞርፊን የሚሠራው ሌላ መቀበያ ላይ ነው፤ ሕመምን የሚያስታግሰውም፣ ደስታ የሚሰጠውም፣ ሱስ የሚያስይዘውም እዚያ ነው። እንዲያውም ሞርፊን ራሱ ያችኑ ደወል ስለሚነካካ ያስመልሳል። ለዚህ ነው ሆስፒታል ውስጥ ሞርፊን ወይም ፔቲዲን ለተወጋ ሰው ብዙ ጊዜ ፕላዚል የሚታከልለት። አብረው ስለታዩ ዘመድ መሰሉ እንጂ ዝምድና የላቸውም።

ፌነርጋንስ? እሱ በደንብ ያስተኛል፣ ግን እሱም ናርኮቲክ አይደለም። ከኮዴይን ጋር ተቀላቅሎ በሚሠራው የሳል ሽሮፕ ውስጥ ቁጥጥሩን የሚያመጣው ኮዴይኑ ነው።

ናርኮቲክ አይደለም ማለት ግን እንደ ከረሜላ ይበላል ማለት አይደለም። ለእኔ ከሱሱ ወሬ ይልቅ መታወቅ ያለበት ይሄኛው ነው፦ ዶፓሚን የጡንቻ እንቅስቃሴንም ስለሚቆጣጠር፣ ፕላዚል አልፎ አልፎ አንገት ያጣምማል፣ መንጋጋ ያቆላልፋል፣ ዓይንን ወደ ላይ ይሰቅላል። በተለይ ልጆችና ወጣቶች ላይ። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ከ5 ቀን በላይ እንዳይወሰድ፣ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ጨርሶ እንዳይሰጥ የወሰነው በዚህ ዓይነት ጉዳት የተነሳ ነው።

ሁኔታው ሲታይ ያስደነግጣል፤ ልክፍት ነው፣ የሚጥል በሽታ ነው የሚል አይጠፋም። ጠበል የሚወስድም ይኖራል፤ ይውሰድ፣ ግን መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ያድርሰው። እዚያ ስትደርሱ «ፕላዚል ወስዶ ነበር» በሏቸው፣ መቼና ስንት እንደወሰደም ጨምሩ። ምክንያቱ ከታወቀ የሚፈታው መድኃኒት አለ፣ ቶሎም ይለቃል።