የጎልፍ ዱላ ገዢ የሚከፍለው ለፊደሉ ነው ወይስ ለግራሙ?

ጤፍ የሚገዛ ሰው ሚዛኑን ያያል። ቡና የሚገዛ ደረጃውን ይጠይቃል። ወርቅ የሚገዛም ካራቱን ሳያረጋግጥ ገንዘቡን ከኪሱ አያወጣም። ወደ ጎልፍ ዱላ ገበያ ሲመጣ ግን ብዙው ገዢ በዘንጉ ላይ የታተመችን አንዲት ፊደል አምኖ ይከፍላል። ፊደሏ ዘንጉ ምን ያህል እንደሚለመጥ ትናገራለች ተብላ ነው የተጻፈችው፤ «ኤል» ለሴቶች፣ «ኤ» በዕድሜ ለገፉ፣ «አር» ለመካከለኛ፣ «ኤስ» ለጠንካራ፣ «ኤክስ» እጅግ ለጠንካራ።

ችግሩ ፊደሏ የጋራ መለኪያ የሌላት መሆኑ ነው። አንዱ ፋብሪካ «ኤስ» ብሎ የሚሸጠውን ሌላው «አር» ሊለው ይችላል። ይህን የሚያስተካክል ፋብሪካዎቹን ሁሉ የሚያስር አንድ ወጥ ደረጃ የለም። በሌላ ሸቀጥ ላይ ቢሆን ገዢ የማይቀበለው አሠራር ነው። የሚዋሽ ፊደል ባለበት ገበያ ላይ ታዲያ የማይዋሽ ምን አለ? መልሱ ግራም ነው።

ለመሆኑ አንድ ዱላ ስንት ይመዝናል? ረጅሙንና ሩቅ የሚመታውን ዱላ፣ ድራይቨሩን እንውሰድ። ኳሱን የሚመታው ራስ ወደ 200 ግራም፣ ከካርቦን የተሠራው ዘንግ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 70 ግራም፣ የእጅ መያዣው ደግሞ ወደ 50 ግራም ይመዝናል። ሲደመር ከ300 ግራም ብዙም አይበልጥም። ሁለት ሦስተኛው ክብደት ራሱ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ነጋዴው አብዝቶ የሚያወራው ስለ ዘንጉ ነው፤ ለብቻው ተገዝቶ የሚቀየር ዘንግም በአሜሪካ ገበያ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል።

ከእንጨት ወደ ካርቦን

ለረጅም ዘመን ዘንግ የሚሠራው ሂከሪ ከተባለ የአሜሪካ እንጨት ነበር። እንጨት ደግሞ ከእንጨት ይለያል፤ አንዱ ይለመጣል፣ ሌላው ይደርቃል። የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር የብረት ዘንግን እ.ኤ.አ. በ1924 ሲፈቅድ፣ በስኮትላንድ የሚገኘው የሴንት አንድሩስ ክለብ በ1929 ተከተለ። ብረት ያመጣው ለውጥ ጥንካሬ ብቻ አልነበረም። ፋብሪካ አንድ ዓይነት ዘንግ በሺህ ማምረት ቻለ፤ ዱላም በነጠላ መሸጡ ቀርቶ በስብስብ ይሸጥ ጀመር። ተጫዋቾች ከረጢታቸውን እስኪያጨናንቁ በመግዛታቸው የአሜሪካው ማኅበር በ1938 አንድ ተጫዋች ከ14 ዱላ በላይ እንዳይዝ ገደብ አወጣ። ገደቡ ዛሬም ይሠራል።

ብረት ግን ይከብዳል። ሼክስፒር በተባለው የስፖርት ዕቃዎች ኩባንያ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ፍራንክ ቶማስ በ1969 የካርቦን ዘንግ ሠራ። በገበያ አጠራር «ግራፋይት» የሚባለው ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዘንጎች ቀላል ቢሆኑም ውድ ነበሩ፤ ሲመቱ እየተጠመዘዙ ኳሷን ወደ ጎን ይልኳት ስለነበር የብዙዎችን እምነት አጡ። አሠራሩ እየተሻሻለ ሄዶ ካላዌይ ኩባንያ በ1991 «ቢግ በርታ» የተባለውን ባለ ትልቅ ራስ ድራይቨር ሲያወጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። ኩባንያው በቀጣዩ ዓመት፣ በ1992፣ አክሲዮኑን በኒውዮርክ ገበያ አቀረበ። የኩባንያው መሪ ሚስተር ኢሊ ካላዌይ ወደዚህ ሥራ የገቡት በ1982 ሲሆን፣ ያኔ የገዙት ድርጅት የሂከሪ ዘንግ ያላቸውን ዱላዎች የሚሠራ አነስተኛ ድርጅት ነበር። ከእንጨት ተነስቶ አክሲዮን ገበያ የደረሰ ንግድ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ «ቀላል ከሆነ ሩቅ ይሄዳል» የሚለው አባባል የሻጭ ሁሉ መፈክር ሆነ። እውነት ነው ወይ?

ሁለት አሸናፊዎች፣ ሁለት ዘንጎች

በ1997 ታይገር ውድስ የማስተርስን ውድድር በ12 ምት ልዩነት ሲያሸንፍ፣ ርቀት በመምታትም የደረሰበት አልነበረም። በእጁ የነበረው ድራይቨር ዘንግ ግን ብረት ነበር፤ ርዝመቱም 43 ኢንች ተኩል ብቻ። በሌላ በኩል ብራይሰን ዲሻምቦ በ2020 የአሜሪካ ኦፕንን በ6 ምት ልዩነት ሲወስድ የአይረኖቹ ዘንግ ሁሉ ካርቦን ነበር፤ ርዝመታቸውም አንድ ዓይነት፣ 37 ኢንች ተኩል። አንዱ በብረት፣ ሌላው በካርቦን አሸነፈ። ስለዚህ ቀላልነት ብቻውን ርቀት አይደለም።

ሒሳቡም ይህንኑ ይናገራል። የጎልፍ ኳስ በደንቡ ከ45.93 ግራም መብለጥ የለባትም። የዱላው ራስ ፍጥነቱን ሳያጣ ከ200 ወደ 210 ግራም ቢከብድ፣ የኳሷ ፍጥነት የሚጨምረው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ራሱ ሲከብድ ደግሞ እጅ ይዘገያልና ያችንም መልሶ ይወስዳታል። ከዘንጉ የሚቀነሰው ግራም ከዚህም ያነሰ ነው የሚሠራው። ምክንያቱም የዘንጉ ክብደት ከእጅ እስከ ራሱ ድረስ ተዘርግቶ የተቀመጠ እንጂ ጫፍ ላይ የተከመረ አይደለም። ዱላውን ለማዞር በሚጠይቀው ጉልበት ሲለካ፣ ከዘንጉ 20 ግራም መቀነስ ከራሱ ላይ ከ6 እስከ 7 ግራም እንደ መቀነስ ነው። ጥቅም አለው፤ ነገር ግን ማስታወቂያው የሚለውን ያህል አይደለም።

ትልቁ ኪሳራ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ራሱን በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚያወዛውዝ ተጫዋች ኳሷን በራሱ መሐል ሲያገኛት በሰዓት ወደ 223 ኪሎ ሜትር ትወነጨፋለች። ጥቂት ወደ ዳር ወጥቶ ቢያገኛት ወደ 210 ልትወርድ ትችላለች። ይህ በርቀት ሲተረጎም 15 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ለተጫዋቹ እጅ የማይስማማ ቀላል ዘንግ በፍጥነት የሰጠውን በእጥፍ ሊያስከፍል ይችላል።

በርዝመት ላይም ነገሩ ያው ነው። ረጅም ዘንግ ራሱን ያፈጥናል፤ መሐሉን ማግኘት ግን ያስቸግራል። ብዙ ባለሙያ ተጫዋቾች ሱቅ ውስጥ ከሚሸጠው አጠር ያለ ድራይቨር የሚይዙት ለዚህ ነው። ከጥር 2022 ጀምሮም የውድድር አዘጋጆች ከፈለጉ የባለሙያዎችን ዱላ በ46 ኢንች እንዲገድቡ ተፈቅዶላቸዋል።

እጅ የሚያውቀው

ርቀት በሜትር ይለካል፤ የእጅ ስሜት ግን በምን ይለካል? የዱላ ሠሪዎች ለዚህ አንድ ሚዛን አላቸው፤ «ስዊንግ ዌይት» ይሉታል። ዱላው ከመያዣው ጫፍ 14 ኢንች ርቀት ላይ ተደግፎ ራሱ ምን ያህል ወደ ታች እንደሚስብ ይታያል። ውጤቱ በፊደልና በቁጥር ይነገራል፤ ለወንዶች የተለመደው ከ«ዲ0» እስከ «ዲ2» ነው። ራሱ ላይ 2 ግራም ቢጨመር አንድ ነጥብ ይወጣል። መያዣው ከ4 እስከ 5 ግራም ቢከብድ አንድ ነጥብ ይወርዳል።

ንግድ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ልብ ማለት አለበት። መያዣው ሲከብድ ዱላው በጠቅላላው ከብዷል፤ ሚዛኑ ግን ቀለለ ይላል። ሚዛኑ አልዋሸም፤ የለካው ሌላ ነገር ነው። ሁለት ዱላዎች በስዊንግ ዌይት እኩል ሆነው በጠቅላላ ክብደት በ50 ግራም ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ አንዱን ቁጥር ብቻ ጠይቆ መግዛት ግማሽ መረጃ ይዞ መዋዋል ነው።

በአይረኖች ላይ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል። የብረት ዘንግ ብዙውን ጊዜ ከ95 እስከ 130 ግራም ይመዝናል፤ የካርቦኑ ከዚያ በእጅጉ ሊቀል ይችላል። ካርቦን የምቱን ንዝረት ስለሚያበርድ መገጣጠሚያቸው ለሚያማቸውና በዕድሜ ለገፉ ተጫዋቾች እፎይታ ነው። ፈጣንና ኃይለኛ እጅ ያለው ሰው ግን እጅግ ቀላል ዘንግ ሲይዝ ራሱ የት እንዳለ አይታወቀውም፤ ይቸኩላል፣ ኳሷም ትበተንበታለች። በተቃራኒው የከበደ ዘንግ የያዘ ደካማ እጅ ከ18ቱ ጉድጓዶች መጨረሻዎቹ ላይ ይዝላል። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» የሚለው አባባል እዚህም ይሠራል።

የአየሩን ድርሻ መርሳት አይገባም

ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ላይ የሚመታ ኳስ በሳሳ አየር ውስጥ ስለሚበር ከቆላው የበለጠ ይሄዳል። ከ2017 እስከ 2020 በሜክሲኮ ከተማ፣ ከ2,240 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በተካሄደው ትልቅ ውድድር ባለሙያዎቹ የለመዱትን ርቀት በ10 በመቶና ከዚያም በላይ ማስተካከል ነበረባቸው። እናም በዱባይ የገዛውን ዱላ አዲስ አበባ አምጥቶ የሚሞክር ሰው «ዘንጉ 20 ሜትር ጨመረልኝ» ቢል፣ የጨመረለት ዘንጉ ሳይሆን አየሩ ሊሆን ይችላል። ማወዳደር የሚገባው አሮጌውንና አዲሱን ዱላ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ኳስ ነው።

ከመክፈል በፊት

አስተዋይ ገዢ ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ የዘንጉን ክብደት በግራም፣ የዱላውን ጠቅላላ ክብደትና ርዝመቱን። ቀጥሎ የራሱን ፊት ነጭ ዱቄት ቀብቶ አሥር ኳስ ይመታል። ምልክቶቹ መሐል ላይ ከተሰበሰቡ ዘንጉ ተስማምቶታል፤ ከተበተኑ ግን ፊደሉ ምንም ይሁን ምን አልተስማማውም። ያለው ዱላ ራሱ የቀለለ ከመሰለውም አዲስ ዘንግ ከማዘዙ በፊት ጥቂት ግራም የምትመዝን ተለጣፊ የእርሳስ ማዕድን ቁራጭ ራሱ ላይ ለጥፎ መሞከር ይችላል። ዋጋዋ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ወጪ ግን ልታስቀር ትችላለች።