የእጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) የዘፈን ግጥሞች፦ ቤት፣ ተናጋሪና ዜማ

የዘፈን ግጥም በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ጥናት ውስጥ ያለው ስፍራ እስካሁን በቅጡ አልለየለትም። የቃል ግጥም አጥኚው ሙሾውን፣ ቀረርቶውንና የአዝማሪውን ግጥም ይሰበስባል፤ የጽሑፍ ግጥም አጥኚው በመጽሐፍ የታተመውን ይመረምራል። በሸክላ፣ በካሴትና በሲዲ የወጣው ግጥም ግን ከሁለቱም ወገን ባለቤት ሲያጣ ይታያል። ለዚህ አንዱ ምክንያት የደራሲነት ጉዳይ ነው። በዘመናዊው ዘፈናችን ልማድ ግጥሙን አንድ ሰው፣ ዜማውን ሌላ፣ ቅንብሩን ሦስተኛ ሰው ይሠራና ድምፃዊው በመጨረሻ ይመጣል። ድምፃዊዋ ሴት ስትሆን ደግሞ የሚወሳው ድምጿ ብቻ ነው፤ ገጣሚነቷን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ይህ አመለካከት ታሪኩን አይመጥንም። ሜሪ አርምዴና አስናቀች ወርቁ ክራራቸውን ይዘው በሚጫወቱበት ዘመን ግጥም መፍጠር የሙያቸው አካል ነበር። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ያረፈችው አስናቀች ተዋናይትም ነበረችና የተመልካቹን ፊት እያነበበች ስንኝ መቋጠር ታውቅበት ነበር። ሆኖም ያ ዓይነቱ ግጥም ከቦታውና ከሰዓቱ ጋር የተቆራኘ በመሆኑ ለጥናት የሚተርፈው ጥቂቱ ነው። እጅጋየሁ ሽባባው ለዚህ ጽሑፍ የተመረጠችው ግጥሙን፣ ዜማውንና ድምፁን በአንድ ሰው እጅ ያዋሃደች፣ ሥራዋም በቅጂ ተደጋግሞ ሊመረመር የሚችል በመሆኑ ነው።

እጅጋየሁ በ1960ዎቹ አጋማሽ በጎጃም ቻግኒ ተወለደች። የመጀመሪያውን የዜማ ትምህርት ያገኘችው ወደ ቤተሰቧ ቤት ይመጡ ከነበሩ ካህን ነው። ሴት በማኅሌት ቆማ የምታዜምበት ሥርዓት በሌለበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይህ የቤት ውስጥ ትምህርት የሚናቅ አይደለም፤ አንዱን ቃል በረጅም ትንፋሽ የመሳቡ ልማዷ ከዚያ የመጣ ይመስላል። በኋላ ኬንያ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ አሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደች። በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ካሳተመቻቸው ሥራዎች ቀጥሎ «ጂጂ» የተሰኘው አልበሟ እ.ኤ.አ. በ2001 በፓልም ፒክቸርስ ወጣ። አዘጋጁ የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ቢል ላስዌል ነበር፤ ኋላም ተጋብተዋል። ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮ ሳንደርስም ተሳትፈውበታል።

ሥራዋን «ሮክ» ብሎ መጥራት ይቻል እንደሆነ ያከራክራል። በጥብቅ ትርጉሙ ከተወሰደ ሮክ ለአገራችን አድማጭ ብዙ ጊዜ እንግዳ ነው። ይሁንና በኤሌክትሪክ ጊታርና በከባድ ቤዝ ላይ የአማርኛን ስንኝ በማቆም በኩል እርሷ ቀደም ካሉት አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» የተሰኘውን የጃኖ ባንድ የሮክ አልበም ያዘጋጀውም ይኸው ላስዌል መሆኑን ልብ ይሏል። በዚያ ባንድ ውስጥ ሃሌሉያ ተክለጻድቅና ሔዋን ገብረወልድ ከወንዶቹ እኩል ከፊት ቆመው ዘፍነዋል።

ወደ ግጥሞቹ እንመለስ። «ዓባይ» የሚጀምረው በወል ቤት ነው፤ ማለትም ስንኙ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይከፈላል። ድምፅ አልባው ሳድስ ካልተቆጠረ ልኬቱ ሳይዛነፍ ይወጣል። ወል ቤት ለአማርኛ ጆሮ እጅግ የተለመደ ምጣኔ ስለሆነ አድማጩ የሙዚቃው አጃቢ ባዕድ ቢሆንበት እንኳ ግጥሙ ላይ እግሩን ያሳርፋል። ሌላም ነገር አለ። የመግቢያው ስንኞች ቤት የሚመቱት በራብዕ ፊደል ነው። ራብዕ አፍ ተከፍቶ የሚነገር ድምፅ በመሆኑ ዜማው እዚያ ላይ እንደ ልቡ ሊሳብ ይችላል። ግጥሙ ስለማያልቅ ፈሳሽ ሲናገር የስንኙ መጨረሻም አይዘጋም።

የአነጋገሩን ስልት ደግሞ እንመልከት። ዘፈኑ ወንዙን በማወደስ ይጀምርና ጥቂት ቆይቶ በሰውኛ ዘይቤ «አንተ» ብሎ ይጠራዋል፤ በግብፅ ምን እንዳለውም ይጠይቀዋል። ስለ ዓባይ የተነገረው አብዛኛው ቃል ወቀሳ ነው፤ አገሩን ትቶ የሄደ ከዳተኛ ይባላል። እጅጋየሁ ይህን የተለመደ ክስ አልደገመችውም። የእርሷ ተናጋሪ ወንዙን ስትነካው ሌሎች ሲንቀጠቀጡ አይታ የምትደነቅ ናት። ፖለቲካው የሚገባው በዚህ ድንጋጤ በኩል ነው። የመብት ክርክር በቀጥታ አልተነሳም፤ ነገር ግን አንድ ወንዝ ለሁለት ሕዝብ ምን ያህል የሥጋ ጉዳይ እንደሆነ ተነግሯል። ዘፈኑ የወጣው የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከመቀመጡ አሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ዘፈኑን ዛሬ እንደ ግድብ ዘፈን ብቻ መስማት ያን የድንጋጤ ስሜት ያደበዝዘዋል የሚል ሥጋት አለኝ።

በዚሁ አልበም ያለው «አድዋ» በአሠራሩ የበለጠ ጥንቁቅ ነው። መክፈቻው አምስት አምስት ቀለም ባላቸው አጫጭር ሐረጎች የቆመ፣ በሳድስ «ር» የሚዘጋ ነው። ይህ የሰንጎ መገን ልክ ነው። ሐረጎቹ አጭር፣ መጨረሻቸውም ዝግ ስለሆነ እንደ ፍርድ ቃል ይሰማሉ። ተናጋሪዋ «እኔ» ወደ ማለት ስትሸጋገር ግን ምጣኔው ወደ ወል ቤት ይሰፋል። ከጠቅላላው የሰው ልጅ ወደ አንዲት ባለዕዳ ይወርዳል፤ ከእርሷ ወደ አድዋ፣ ከአድዋ ወደ ኢትዮጵያና ወደ አፍሪካ ይወጣል። «ሰው» የሚለው ቃል እየተደጋገመ ገዳይም ዐርበኛም ከመባል በፊት ያለውን ስም ለወደቁት ይመልስላቸዋል። ነገሥታትንና የጦር አለቆችን ከመዘርዘር ይልቅ ቦታው ራሱ ምስክር ሆኖ እንዲናገር ይጠየቃል። የ1888ቱን ድል በሚመለከት ፉከራና ቀረርቶ የለመደ አድማጭ ይህን ዝግታ መጀመሪያ ላይ እንደ ሐዘን ሊወስደው ይችላል። አልተሳሳተም፤ ዘፈኑ ግማሹ ሙሾ ነው።

ስለ አልበሙ «ጉራማይሌ» የተባለ ዘፈን ርእስ አንድ ነገር መጠቆም ይገባል። ጉራማይሌ የድድ ንቅሳት ነው፤ የጠቆረውና ያልተነቀሰው ሥጋ እየተፈራረቁ የሚታዩበት። ሁለቱ ቀለማት አይቀላቀሉም፤ ጎን ለጎን ሆነው ይደማመቃሉ። የአልበሙን የሙዚቃ አሠራር ለመግለጽ «ቅይጥ» ከሚለው ቃል ይልቅ ይህ ይሻላል። የወል ቤቱም ሆነ የቤዝ ጊታሩ መልክ አልጠፋም።

እ.ኤ.አ. በ2003 «ጽዮን ሩትስ» በተባለው ሥራ ክራርና ዋሽንቱ ወደ ፊት መጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው አልበሟ ደግሞ የቅኔያችንን ስም ገልብጦ «ወርቅና ሰም» ተባለ። ለሥነ ግጥም ተማሪ ግን ይበልጥ የሚጠቅመው፣ ላስዌል የ2001ዱን አልበም ቃሉን በአብዛኛው አስወጥቶ እንደገና ያቀናበረበት «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ነው። ሁለቱን አልበሞች ጎን ለጎን ያዳመጠ ሰው፣ ቃሉ ከወጣ በኋላ ከስንኙ ምጣኔ ምን ያህሉ በአጃቢው ውስጥ እንደ ቀረ በጣቱ እየቆጠረ ሊያረጋግጥ ይችላል።