የአስቸጋሪው ልጅ መጽሐፍ፦ ያስቃል ወይስ ያበላሻል?

አንድ ሕፃን ወንበር ላይ ቆሞ ከመደርደሪያ ብስኩት ለመስረቅ ሲንጠራራ የሚያሳይ ሥዕል ለልጆቻችን ብናሳያቸው ምን ይከተላል? ይስቃሉ። ከሳቁ በኋላስ? ብዙ ወላጆች የሚሰጉት እዚህ ላይ ነው፤ «ያልነበረበትን አመል ገንዘብ ከፍለን እናስተምረው?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ በመሆኑ ሁለት መጻሕፍትን አንስተን እንመልከት።

ሄንሪክ ሆፍማን የተባለ የፍራንክፈርት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1844 ለሦስት ዓመት ልጁ የሚሆን መጽሐፍ ቢያጣ ራሱ ጽፎና ሥሎ አዘጋጀ፤ በ1845ም ታተመ። «ሽትሩቬልፔተር» በሚል ስም የታወቀው ይህ መጽሐፍ ቢያስቅም ቅጣቱ ከባድ ነው። በክብሪት የተጫወተችው ልጅ አመድ ትሆናለች፤ ጣቱን የሚጠባው አውራ ጣቶቹ በመቀስ ይቆረጣሉ፤ ሾርባ እምቢ ያለው በአምስተኛው ቀን ይሞታል።

ሁለተኛው አሜሪካዊው ዴቪድ ሻነን በ1998 ያሳተመው «ኖ፣ ዴቪድ!» ነው፤ «ተው፣ ዴቪድ!» እንደ ማለት ነው። ደራሲው በልጅነቱ ከሠራት መጽሐፍ ተነሥቶ ነው ያዘጋጀው። ዴቪድ ምንጣፉን በጭቃ ይረግጣል፣ የገላ መታጠቢያውን ውኃ ያጥለቀልቃል፣ ቤት ውስጥ ኳስ ተጫውቶ ዕቃ ይሰብራል። ጥግ ይዞ ከተቀጣ በኋላ ግን እናቱ አቅፋ እንደምትወደው ትነግረዋለች።

ልዩነቱ ግልጽ ነው። ከመጀመሪያው መጽሐፍ ሕፃኑ ፍርሃትን፣ ከፍርሃትም ጥፋትን መደበቅን ሊማር ይችላል። በሁለተኛው ጥፋቱ ይነቀፋል፤ ልጁ ግን አይጣልም። ሳቁም ቢሆን መጥፎ ምልክት አይደለም። ምንጣፍ በጭቃ እንደማይረገጥ የማያውቅ ሕፃን በሥዕሉ አይስቅምና።

ታዲያ እንዴት እንጠቀምበት?

አስቀድመን ገጾቹን ሁሉ እናገላብጥ። ለምሳሌ ዴቪድ ራቁቱን ወደ መንገድ የሚሮጥበት ገጽ አለ፤ ልንዘለው፣ ወይም ስለ ሐያእ ለመነጋገር ልንጠቀምበት እንችላለን።

ጽሑፉ ጥቂት ስለሆነ እንግሊዝኛ የማያነቡ እናትና አያትም ሥዕሉን እያዩ በቤታቸው ቋንቋ ሊተርኩት ይችላሉ።

ምክር ከማዝነብ ይልቅ እንጠይቅ፦ «አሁን እናቱ ምን የምትል ይመስልሃል? የተሰበረውን ማን ያንሣ?» መልሱን ራሱ ሲያገኘው ይጸናለታል።

ልጃችን ሲያጠፋ «አንተ ዴቪድ!» እያልን የስድብ ስም አናውጣለት። ያየውን ቢሞክር ደግሞ አንሳቅለት፤ ያቆሸሸውን ከእኛ ጋር ያጽዳ።

እናንተም ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች፣ ማንበብ ከቻላችሁ ይህ ሥራ የእናንተም ነው። ታናሻችሁ ዛሬ የሚደብቀው የተሰበረ ብርጭቆ ነው፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ግን ከዚያ የከበደ ነገር ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ «አጥፍቻለሁ» ብሎ ወደ ቤተሰቡ እንዲመጣ ከፈለግን ጥፋት እንደሚታረም፣ ፍቅርም እንደማይቋረጥ ከአሁኑ ይወቅ።