የፊት ሎደር ለተገጠመለት አነስተኛ ትራክተር የኋላ ማመዛዘኛ ክብደት አመራረጥ

በ1977 ዓ.ም. በድርቅ ከተጎዱ አካባቢዎች የተነሡ ሰፋሪዎች በመተከል ወደሚገኘው ፓዌ በተወሰዱ ጊዜ፣ የእርሻው ሥራ በአመዛኙ በትራክተር ላይ የተመሠረተ ነበር። ከእንጅባራ በቻግኒ በኩል ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ዛሬም በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ አሲዳማ አፈርን ለማከም የሚውለው ኖራ ከዘር ወቅት አስቀድሞ ከማሳው መድረስ አለበት። ኖራ፣ ጠጠርና ገረጋንቲ እንዲጭን የሚመደብ አነስተኛ ትራክተር በተዳፋት ላይ ቢገለበጥ የሰው ሕይወት ይጠፋል፤ የዘሩም ጊዜ ያልፋል። ለዚህ ዓይነቱ አደጋ አንዱ መነሻ የኋላ ማመዛዘኛ ክብደት ጉድለት ነው።

የሎደሩ ባልዲ ጭነት ሲያነሣ የፊት አክስል እንደ ሚዛን ምሰሶ ያገለግላል። ከምሰሶው ፊት ያለው ጭነት ወደ ታች ሲጫን የኋላው ጎማ ይቀላል። የኋላው ጎማ ከቀለለ ደግሞ መሬት የመቆንጠጥ ኃይሉ ይቀንሳል። ፍሬኑ በኋላ ጎማዎች ላይ ብቻ በሆነ ትራክተር ቁልቁለት ላይ መቆም አዳጋች ይሆናል።

ጉዳዩን በምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። ባዶ ሎደር የተገጠመለት አንድ ትራክተር በፊት አክስሉ 1,000፣ በኋላ አክስሉ 800 ኪሎ ግራም ያርፍበታል፤ በሁለቱ አክስሎች መካከል ያለው ርቀት 1.6 ሜትር ነው እንበል። ከፊት አክስል 1.2 ሜትር ቀድሞ 400 ኪሎ ግራም ጭነት ቢነሣ፣ 400 በ1.2 ተባዝቶ ለ1.6 ሲካፈል ከኋላ አክስል 300 ኪሎ ግራም ይነሣል። በዚህም የኋላው 500፣ የፊቱ 1,700 ይሆናል። ከኋላ አክስል 0.8 ሜትር ወደ ኋላ 400 ኪሎ ግራም ማመዛዘኛ ቢንጠለጠል ግን የኋላው 1,100 ሲደርስ የፊቱ ወደ 1,500 ዝቅ ይላል።

ከዚህ ስሌት እንደሚታየው፣ ከአክስሉ ኋላ የሚንጠለጠል ክብደት ኋላውን ከማክበዱም በላይ የፊት አክስልን ሸክም ያቃልላል። በጎማ ውስጥ የሚሞላ ውሃ ወይም በቸርኬ ላይ የሚታሰር ብረት ግን በአክስሉ ላይ ስለሚያርፍ ኋላውን ያክብድ እንጂ ፊቱን አያቃልልም። በመሆኑም ሁለቱ ይደጋገፋሉ እንጂ አንዱ ሌላውን ሊተካ አይችልም።

ማመዛዘኛውን በአካባቢው በሚገኝ ቁሳቁስ መሥራት ይቻላል። አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 2,400 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ በኮንክሪት የተሞላ ባለ 200 ሊትር በርሜል 480 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ያው በርሜል በደረቅ አሸዋ ቢሞላ 320፣ በውሃ ቢሞላ 200 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለዚህ ሥራ አይመረጥም። በርሜሉ ከባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣው ጋር በጠንካራ ብረት ሊያያዝና ፒኖቹ በሚገባ ሊቆለፉ ይገባል።

መጠኑ ሲወሰን የመጀመሪያው መመሪያ የአምራቹ መጽሐፍ ነው። ከዚያም ክብደቱ ማያያዣው ከሚያነሣው፣ አክስሉና ጎማው ከሚሸከሙት ወሰን እንዳያልፍ ይረጋገጣል። ክብደት በበዛ ቁጥር ደኅንነት ይጨምራል ማለት ስሕተት ነው፤ ትርፍ ክብደት ነዳጅ ያባክናል፣ በክረምትም የራሰውን ቀይ አፈር ይጠቀጥቃል። ስለዚህ የሎደሩ ሥራ ሲያበቃ ማመዛዘኛው ተፈትቶ ይቀመጥ።

ማመዛዘኛ የነጂውን ጥንቃቄ አይተካም። ጭነት ይዞ ሲጓዝ ባልዲው መሬት እስከማይነካ ድረስ ዝቅ ይላል፤ ቁልቁለት ላይ ድንገተኛ መታጠፍና ፍሬን መያዝ ይቀራል፤ የመገልበጫ መከላከያ ያለው ትራክተር ሲነዳ የደኅንነት ቀበቶ ይታሰራል። የመጋዘንና የማሽን ኃላፊዎች ትራክተሩን ወደ ሥራ ከማሰማራታቸው በፊት ማመዛዘኛው በቦታው መኖሩን ሊያረጋግጡ ይገባል።