ቁልፉ የጠፋ መቆለፊያ

በአማርኛ «ቁልፍ» የሚለው ቃል በር ላይ የሚገጠመውንም፣ በኪስ የሚያዘውንም፣ የሸሚዝ ማያያዣውንም ጭምር ስለሚያመለክት፣ በዚህ ጽሑፍ በሩ ላይ ያለው መሣሪያ «መቆለፊያ»፣ በእጅ የሚያዘው ደግሞ «ቁልፍ» ተብሎ ይጠራል። መለየቱ ለቋንቋ ጥራት ብቻ የተደረገ አይደለም፤ ከፍተኛ ጥበቃ ያላቸውን መቆለፊያዎች የሚሰበስቡ ሰዎች ርካሽ ዕቃ የሚያገኙት በአብዛኛው እነዚህ ሁለቱ ሲለያዩ ነውና። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከፍተኛ ጥበቃ የሚባለውን ለመረዳት መነሻው ተራው መቆለፊያ ነው። አሜሪካዊው ሊነስ ዬል ጁኒየር በ1861 እና በ1865 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበትና ዛሬም እጅግ ብዙ በሮች ላይ የሚገኘው ሲሊንደር፣ በውስጡ በሞላ የሚገፉ አምስት ወይም ስድስት ጥንድ የናስ ፒኖች አሉት፤ ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዱን ጥንድ በልኩ ከፍ አድርገው መለያያቸውን በአንድ መስመር ያሰልፉታል፣ ያኔ የሲሊንደሩ እምብርት ይዞራል። አሠራሩ ርካሽና የማያስቸግር ቢሆንም፣ ቀጭን ብረት የያዘ የሠለጠነ እጅ ፒኖቹን አንድ በአንድ ሊያሰልፋቸው፣ ትራፓን እምብርቱን ሊበሳው፣ ማንኛውም ቁልፍ ቀራጭ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ የቁልፉን አምሳያ ሊያወጣ ይችላል። ከፍተኛ ጥበቃ ያለው መቆለፊያ እነዚህን ሦስት ቀዳዳዎች በአንድ ላይ ለመድፈን የተሠራ ነው። ለምሳሌ ዩኤል 437 የተባለው የአሜሪካ መመዘኛ፣ መቆለፊያው በመነካካት እንዳይከፈት 10 ደቂቃ፣ በትራፓን እንዳይበሳ 5 ደቂቃ እንዲቋቋም ይጠይቃል፤ ቁጥሩ ትንሽ ይመስል ይሆናል፣ ነገር ግን ሌባ የሰው በር ላይ ጎንበስ ብሎ 10 ደቂቃ የሚቆይበት ሰፈር ብዙ አይደለም።

ሦስተኛው ቀዳዳ፣ ማለትም የአምሳያ ቁልፉ ነገር፣ የሚደፈነው በብረት ብቻ ሳይሆን በሕግና በወረቀትም ጭምር ነው። አምራቹ ገና ያልተቀረጸውን ጥሬ ቁልፍ በፈጠራ መብት አስጠብቆ ለውል ደንበኞቹ ብቻ ይሰጣል፤ ገዢው ከመቆለፊያው ጋር መለያ ቁጥር የታተመበት ካርድ ይቀበላል፣ ካርዱን ያላሳየ ሰውም ተጨማሪ ቁልፍ አይቀረጽለትም። መቆለፊያውን አዲስ ሳለ የሚያስወድደው አንዱ ምክንያት ይህ ሲሆን፣ አሮጌ ሲሆን የሚያረክሰውም ይኸው ነው። ካርዱ ከጠፋና ቁልፎቹም ከቀድሞው ተከራይ ጋር ከሄዱ፣ ለቤት ባለቤት ያ ውድ ሲሊንደር ከናሱ ክብደት ያለፈ ጥቅም የለውም። ለሰብሳቢ ግን ዕቃው ምንም አልጎደለውም፤ እሱ የሚፈልገው በሩን ሳይሆን በውስጡ የተደበቀውን አሳብ ነውና።

ይህ ፍላጎት የቆየ ታሪክ አለው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ በ1784 የፈጠራ መብት ያገኘበትን፣ በክብ ቁልፍ የሚገፉ ስስ ተንሸራታች ብረቶች ያሉትን መቆለፊያ ሠርቶ፣ ከ1790 ጀምሮ በለንደን ፒካዲሊ በሚገኘው ሱቁ መስኮት አንዱን አንጠልጥሎ፣ ያለ ቁልፍ ለሚከፍተው ሰው 200 የወርቅ ጊኒ እንደሚሰጥ አስነገረ። ከ60 ዓመት በላይ ማንም ሳይረታው ቆይቶ፣ በ1851 ለታላቁ የለንደን ኤግዚቢሽን የመጣው አሜሪካዊ አልፍሬድ ሆብስ በመጀመሪያ የታወቀውን የቻብ መቆለፊያ በ25 ደቂቃ ከፈተ፣ ቀጥሎም ወደ ብራማው ዞሮ፣ በ16 ቀናት ውስጥ ተከፋፍሎ በተሠራ 51 ሰዓት ሽልማቱን ወሰደ። ያ መቆለፊያ ዛሬ በለንደን የሳይንስ ሙዚየም ይገኛል። በኒውዮርክም ጆን ሞስማን የሰበሰባቸው ከ370 በላይ የባንክና የካዝና መቆለፊያዎች ለሕዝብ ይታያሉ። እንዲህ ያሉት ጥንታውያን ግን ለተራ ሰው ኪስ አይደሉም፤ ርካሹ መስክ ያለፈው ምዕተ ዓመት ሥራ ነው።

ከዚያ መስክ ቀድሞ ሊጠቀስ የሚገባው የፊንላንዱ አብሎይ ነው። ኤሚል ሄንሪክሰን በ1907 የፈጠረው ይህ መቆለፊያ ፒንም ሞላም የለውም። በምትካቸው እንደ ሳንቲም የተደረደሩ ዲስኮች አሉ፤ በእያንዳንዱ ዲስክ ጠርዝ ላይ አንድ ጎድጓዳ አለ፣ ግማሽ ክብ የሆነው ቁልፍም በተለያየ ማዕዘን ስለተቆረጠ ሲዞር እያንዳንዱን ዲስክ በተለያየ መጠን ያዞረዋል። ጎድጓዶቹ ሁሉ በአንድ መስመር ሲገጥሙ ብቻ ከጎን ያለች ዘንግ ወደ ውስጥ ትገባለች፣ እምብርቱም ይለቀቃል። የሚደክም ወይም የሚጣበቅ ሞላ ስለሌለው በረዶም አቧራም ብዙ አይበግረው። በአንድ ሣጥን ውስጥ ከተቀላቀሉ ጓጉንቸሮች መካከል ለመለየትም አያስቸግርም፤ ከጓደኞቹ ይከብዳል፣ የቁልፍ ቀዳዳውም እንደ ግማሽ ጨረቃ ነው፣ በትንሽ ባትሪ ሲታይም ከፒኖች ጫፍ ይልቅ የዲስኮቹ ጠርዝ ተደራርቦ ይታያል።

የሌሎቹ ምልክት በአብዛኛው ከቁልፋቸው ይነበባል። በ1968 በቨርጂኒያ ሴለም ከተማ የተቋቋመው የሜዴኮ ኩባንያ ቁልፍ ጥርሶቹ ቀጥ ብለው ሳይሆን ግራና ቀኝ ዘምመው የተቆረጡ ናቸው፣ ምክንያቱም ፒኖቹ ከፍ ማለት ብቻ ሳይሆን በተወሰነ ማዕዘን መዞርም አለባቸው። በ1973 በእስራኤል የተመሠረተው የሙልቲሎክ ቁልፍ ደግሞ ጥርስ የለውም፤ በጠፍጣፋው ገጹ ላይ ጉድጓዶች አሉት፣ በቅርብ ሲታዩም አንዱ ክብ በሌላው ክብ ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል፣ ፒኑ ራሱ በውስጡ ሌላ ፒን ስለያዘ ነው። በእስራኤል የሚኖሩ ብዙ የአማርኛ አንባቢዎች ይህን ቁልፍ ምናልባት በየቀኑ በኪሳቸው ይዘውት ይዞራሉ።

እነዚህ ዕቃዎች ወደ አሮጌ ገበያ የሚወርዱበት መንገድ ይታወቃል። የፈጠራ መብት ባብዛኛው ከ20 ዓመት በኋላ ስለሚያልቅ፣ አምራቾች ጊዜው ሳይደርስ አዲስ ሞዴል ያወጣሉ፣ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶችም በሮቻቸውን በአንድ ጊዜ ይቀይራሉ፤ የወለቁት ሲሊንደሮች በባልዲ ተሞልተው ወደ ብረታ ብረት ገዢ ይሄዳሉ። ከሥራ ውጪ የሆኑ የሕዝብ ስልኮች፣ የሳንቲም ማሽኖችና የመኪና ማቆሚያ ቆጣሪዎችም ጥሩ ምንጮች ናቸው፣ ሳንቲም ያለበት ዕቃ ሁሉ ደህና መቆለፊያ ይዞ ነበርና። ጡረታ የወጣ ቁልፍ ሠሪ ሱቁን ሲዘጋ ደግሞ ሁሉም በአንድ ሣጥን ይገኛል። የአዲስ አበባውን ምናለሽ ተራ የሚያውቅ ሰው ሕጉን ያውቀዋል፤ ሻጩ ናሱን በኪሎ ሲመዝን ገዢው ውስጡን ይመዝናል። ስለዚህም ከአንድ የተወለወለ ጓጉንቸር ይልቅ ድብልቅ ሣጥን መግዛት ይሻላል፣ ማስታወቂያ ላይ የምርቱ ስም በትክክል የተጻፈለት ዕቃ ዋጋው አስቀድሞ ስለሚወደድ።

ሲገዛ ግን ሊታይ የሚገባው ነገር አለ። በቁልፍ ቀዳዳው ዙሪያ የትራፓን ምልክት ካለ መቆለፊያው ተበስቶ ተከፍቷልና ውስጡ ፈርሷል። ዝገት ያን ያህል አያስፈራም፣ ዘይት ውስጥ ለጥቂት ቀናት ማቆየት ብዙውን ያላቅቃል። እጅግ የሚያሳዝነው በአሸዋ ወረቀት የተወለወለው ነው፤ የፋብሪካው ጽሑፍ አብሮ ጠፍቷልና ዘመኑን መለየት አይቻልም።

ባለ ፒን ሲሊንደር ሲፈታ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እምብርቱ ዝም ተብሎ ቢጎተት የላይኛው ረድፍ ፒኖችና ሞላዎች ተፈናጥረው በክፍሉ ይበተናሉ፣ የአንዷ ሞላ መጥፋትም መቆለፊያውን ያጎድለዋል። ስለዚህ ሰብሳቢው ሲሊንደሩን በሞርሳ ቀስ አድርጎ ይዞ፣ እምብርቱን በተመሳሳይ ውፍረት በተዘጋጀ ክብ ዘንግ ከኋላ እየገፋ ያወጣዋል፤ ዘንጉ የእምብርቱን ቦታ ስለሚይዝ የላይኞቹ ፒኖች ባሉበት ይቆያሉ። ከእምብርቱ የወጡት ፒኖችም እንደ ተራቸው በነጭ ጨርቅ ላይ ይደረደራሉ፣ ከቦታው የተቀየረ አንድ ፒን ቁልፉን ዋጋ ያሳጣዋልና።

ያለ ቁልፍ የመክፈት ጥበብ የራሱ ሥነ ምግባር አለው። በጀርመን በ1997 የተቋቋመው የመቆለፊያ ስፖርተኞች ማኅበርም ሆነ በኔዘርላንድ የተጀመረው ቱል የተባለው ድርጅት የሚታወቁበት ደንብ፣ የራስ ያልሆነ ወይም በሥራ ላይ ያለ መቆለፊያ እንዳይነካ ነው። ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ እሱንም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ጃፓን በ2003 ባወጣችው ሕግ ልዩ የመክፈቻ መሣሪያዎችን ያለ በቂ ምክንያት መያዝ ከልክላለች።

ከሁሉ የሚጥመው ሥራ ቁልፍ ለሌለው መቆለፊያ ቁልፍ ማበጀት ነው። ለአሮጌው አብሎይ ለምሳሌ፣ መቆለፊያው ከተከፈተና ከተፈታ በኋላ እያንዳንዱ ዲስክ ምን ያህል እንደሚዞር ይለካል፣ ልኩ ወደ ማዕዘን ተቀይሮ ጥሬ ቁልፉ ላይ በቀጭን ሞረድ ይወርዳል፤ አንዱ ቁርጥ ትንሽ ካለፈ ሥራው ከመጀመሪያው ይጀመራል። በመጨረሻ ጓጉንቸሩ ጠቅ ብሎ ሲከፈት፣ በሣጥን ከናስ ቁርጥራጭ ጋር የተገዛው ዕቃ እንደገና በር ሊዘጋ ይችላል፤ አብዛኛው ሰብሳቢ ግን መደርደሪያ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ የራሱ ቤት በር ብዙ ጊዜ ከሱቅ በተገዛ ተራ ሲሊንደር ተቆልፎ።