መርዛም ተክልና ማንቲስ በአንድ ቤት

በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በጃፓን ከነፍሳት ወገን የሆነውን ማንቲስን እንደ ድመትና እንደ ወፍ በቤታቸው የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። ማንቲስ በግሪክ ቋንቋ ነቢይ ማለት ነው። ይህን ስም ያገኘው የፊት እግሮቹን አጣጥፎ፣ በጸሎት ላይ እንዳለ ሰው ጸጥ ብሎ ስለሚቆም ነው። ነገር ግን አቋቋሙ ለጸሎት ሳይሆን ለአደን ነው። ዝንብ ወይም ፌንጣ በቀረበው ጊዜ እነዚያን እሾሃም እግሮች በቅጽበት ዘርግቶ ይይዘዋል።

አሳዳጊዎቹ ማንቲሱ የሚወጣበት ተክል በቤት ውስጥ ያኖሩለታል። ታዲያ ተክሉ መርዛም ቢሆን አይገድለውምን?

ዲፈንባኪያ የተባለውን የቤት ተክል እንመልከት። በቅጠሉ ውስጥ እንደ መርፌ የሾሉ እጅግ ጥቃቅን የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣቶች አሉ፤ ሕፃን ወይም ውሻ ቢያኝከው አፉን ያቃጥለዋል፣ ምላሱንም ያሳብጠዋል። ማንቲስ ግን ሥጋ በል እንጂ ቅጠል በል አይደለም። ስለዚህ በቅጠሉ ላይ ቢቆም በውስጡ ያለው መርዝ አያገኘውም። ይሁን እንጂ «ጠርጥር፤ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» እንደሚባለው፣ አደጋው በሌላ በር ይገባል። ይኸውም፦

1ኛ/ ሰው በተክሉ ላይ ያደረገው መድኃኒት ነው። ኢሚዳክሎፕሪድን የመሰለ የተባይ ማጥፊያ ከሥር ተስቦ ወደ ቅጠሉ ሁሉ ስለሚሠራጭ፣ ቅጠሉን በማጠብ አይለቅም፤ ለብዙ ሳምንታትም በተክሉ ውስጥ ይቆያል። ማንቲስም እንደ ማናቸውም ነፍሳት በዚህ መድኃኒት ይሞታል። ማንቲሱ ባለበት ክፍል ፍሊት መንፋትም ያው ነው።

2ኛ/ የሚበላው እንስሳ ነው። ከመድኃኒቱ የቀመሰ ፌንጣ መርዙን ይዞለት ይመጣል።

3ኛ/ እንደ ቁልቋልና እንደ ቅንጭብ ያሉ ተክሎች ሲቆረጡ የሚያወጡት ነጭ ወተት ነው። ሲደርቅ ስለሚጣበቅ የትንሹን ማንቲስ እግር ሊይዝ ይችላል።

ማንቲስ ከተፈጥሮ መርዝ ጋር ያለው ነገር የሚያስደንቅ ነው። ሞናርክ የተባለችው ቢራቢሮ አባጨጓሬ የምትበላው ቅጠል የልብን ሥራ የሚያውክ መርዝ አለበት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ የቻይና ማንቲስ ይህን አባጨጓሬ ሲይዝ ሆድ ዕቃውን አውጥቶ ይጥልና ሌላውን ሥጋ ይበላል፤ መርዝ የሌለባቸውን አባጨጓሬዎች ግን ምንም ሳያስቀር ይበላቸዋል። በፋብሪካ ለተሠራው መርዝ ግን እንዲህ ያለ ብልሃት የለውም።

ስለዚህ ማንቲስ የሚያሳድግ ሰው፣ ተክል ሲገዛ ምን መድኃኒት እንደተደረገበት ሻጩን ይጠይቅ። እርግጠኛ መልስ ካጣ ተክሉን ትቶ መድኃኒት ካልነካው ዛፍ የተቆረጠ ደረቅ ቅርንጫፍ ያኑር። ማንቲስ የሚጠጣው የውኃ ጠብታ ነውና ንጹሕ ውኃ በሣጥኑ ግድግዳ ላይ ይርጭለት። ለምግብ የሚሆኑትንም ፌንጣዎች ከተክሉ አርቆ ያሳድግ። የተክሉን ስም ማወቅ መልካም ነው፤ ለማንቲሱ ሕይወት ግን ከስሙ ይልቅ ተክሉ ያለፈበትን እጅ ማወቅ ይበልጣል።