ራስን የሚኮንን ውስጣዊ ንግግር

በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ በራስ ምታት፣ በእንቅልፍ ማጣትና በድካም ምክንያት ወደ ጤና ተቋም ከሚመጡት መካከል አንዳንዶቹ ረጋ ተብሎ ሲጠየቁ «እኔ ለምንም የማልረባ ነኝ» የሚል ሐሳብ ሌት ተቀን እንደሚመላለስባቸው ይገልጻሉ። ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት የድብርት መመዘኛም በስድስተኛው ጥያቄ የሚመረምረው ይህንኑ ነው።

አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ዶክተር አሮን ቤክ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ ሐሳቦች ሳይጠሩ በፍጥነት እንደሚመጡ፣ ባለቤታቸውም ሳይመረምር እንደ እውነት እንደሚቀበላቸው አስተዋሉ። ሐሳቡ ስሜትን፣ ስሜቱም ተግባርን ይለውጣል። «አልረባም» ያለ ተማሪ መጽሐፉን አይገልጥም፤ ከጓደኞቹም ይሸሻል፤ ኋላም አለማጥናቱን ራሱን ለፈረደበት ፍርድ ማስረጃ ያደርገዋል።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ «ወደቅሁ» ያለ ልጅ እውነቱን ተናግሯል። «ደደብ ነኝ፤ ቤተሰቤን አዋረድሁ» ያለው ግን ከአንድ ውጤት ተነሥቶ በመላ ማንነቱ ላይ ፈርዷል። ከ100 ተማሪዎች ከ96 በላይ የሚሆኑትን የጣለ ፈተና ስለ ትምህርቱ ሁኔታ ብዙ ይናገራል፤ የአንድን ልጅ ዋጋ ግን አይለካም። ይህን ስንል ተማሪው ከኃላፊነት ነጻ ነው ማለታችን አይደለም። «ሒሳብ በሚገባ አላጠናሁም» የሚለው ወቀሳ ነገ ሊሠራ የሚቻል ነገርን ያመለክታልና ጠቃሚ ነው። ሽንኩርቱ በተሰበሰበበት ሳምንት ዋጋ የወደቀበት የመቂ ገበሬም «ገበያውን አስቀድሜ አላጠየቅሁም» ቢል ይማርበታል፤ «እድለ ቢስ ነኝ» ቢል ግን የሚማርበት ነገር የለም።

ሐሳቡን ለመመርመር ቃል በቃል በወረቀት ላይ ማስፈር ይረዳል። በአካባቢያችን አማርኛና አፋን ኦሮሞን እያቀላቀለ የሚያስብ ብዙ ነውና ሐሳቡ በመጣበት ቋንቋ ይጻፍ፤ ሲተረጎም ስለቱ ይደነዝዛል። ቀጥሎ የሚደግፈውና የሚቃወመው ማስረጃ ጎን ለጎን ይሰፍራል። በመጨረሻም «ይህ የደረሰው በታናሽ እኅቴ ላይ ቢሆን ምን እላት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው። ብዙዎች ለሌላ ሰው ሊናገሩት የሚያፍሩትን ቃል ለራሳቸው ሲናገሩ እንደ ኖሩ የሚያስተውሉት እዚህ ላይ ነው። ቃሉም ብዙ ጊዜ በልጅነት ከወላጅ ወይም ከመምህር አንደበት የተሰማ ነው።

በባዶ ራስን ማሞገስ ግን መፍትሔ አይሆንም። በካናዳ ተመራማሪዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት፣ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች «የምወደድ ሰው ነኝ» እያሉ ሲደጋግሙ ይበልጥ እንደሚከፋቸው አሳይቷል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ራስን መርገም እንደ ትሕትና ሲቆጠር ይታያል፤ ትሑት ሰው ግን ጉድለቱን ያውቃል እንጂ ራሱን አይረግምም።

ሐሳቡ ለሁለት ሳምንት ያህል አብዛኛውን ቀን ከዘለቀ፣ እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን ካወከ ወይም ከሥራ ካስቀረ ባለሙያን ማማከር ይገባል፤ ድብርት በንግግርም በመድኃኒትም ይታከማል። ሞትን መመኘት ካለ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም። ሕመምተኛው ብቻውን ሳይተው በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ አትክልት በሚመረትባቸው አካባቢዎች በየቤቱ የሚቀመጠው የፀረ ተባይ መርዝም ከቤት ይውጣ ወይም ተቆልፎበት ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ይሁን።